ለተሰነጠቀ ሞተር በያጅ ፍለጋ

አገራችን ውስጥ ዕቃ ሲሰበር መጀመሪያ የሚፈለገው ጠጋኝ አይደለም፤ ጥፋተኛ ነው። ብርጭቆ ከእጃችሁ አምልጦ ወለል ላይ ቢከሰከስ «እጅህን ቆረጠህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ እድለኞች ናችሁ። «ማን ነው የሰበረው?» የሚለው ግን ከሦስት ክፍል ይሰማል። ጥፋተኛው ከተገኘ፣ ከተገሠጸና አንገቱን ከደፋ በኋላ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ይበተናል። ስብርባሪው እዚያው እንደተበተነ ነው። እኔ ይህን ነገር ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ ዛሬ እንኳ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

በደርግ ዘመን መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። ገበሬው «ሐኪም» ይለኛል፤ ረዳት የሚለውን ቃል እኔም አልጨምርለትም። መሥሪያ ቤታችን ያለችው አንዲት ሞተር ብስክሌት ነበረች። ከዘመሮ ስመለስ አንድ ቀን አቧራ የሸፈነው ድንጋይ ከሥሯ መታትና ዘይቷ መንገዱ ላይ ተዘረገፈ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዘይት የሚይዘው የሞተሩ የአሉሚኒየም ሆድ ጣት በሚያህል ርዝመት ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በልብስ ሳሙና ደፈንሁና እየነዳሁም እየገፋሁም ከተማ ገባሁ።

ኃላፊያችን ወሬውን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። «አሻጥር እንዳይሆን» አለ። እንግዲህ አሻጥረኛው እኔ መሆኔ ነው፣ ወይም ድንጋዩ። ድንጋዩ የት ቦታ እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደሚያህልና ለምን ቀድሜ እንዳላየሁት በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። አቀረብሁ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ድንጋይ! ለማሠሪያው ደግሞ ከሦስት በያጆች የዋጋ ማቅረቢያ አምጣ ተባልሁ። መንዝ ውስጥ ሦስት በያጅ! ኧረ አንድም የለም። የለም ብል «ፈልግ» አለኝና ሌላ ፋይል ገለጠ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግሼ ላይ የበግ ፈንጣጣ ገብቷል። ለዚያ አገር ሰው በግ ማለት የልጁ ደብተር፣ የግብሩ መክፈያ፣ የበርኖሱ ጠጉር ነው፤ በጉ አለቀ ማለት እሱ አለቀ ማለት ነው። ክትባቱ በበረዶ ተይዞ ረቡዕ ከሰዓት መሐል ሜዳ ይገባል፤ ሐሙስ ጠዋት የግሼዋ ራቤል ላይ ሦስት ቀበሌ በጉን ነድቶ ይጠብቀኛል። በበቅሎ እንዳልሄድ በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል፤ በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ውኃ ነው። ያቺ ሞተር ካልተነሣች የግሼ በግ አለቀ ማለት ነው፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ሞተሯን አስፈትቼ የተሰነጠቀውን ክፍል በጆንያ ጠቀለልሁና ቅዳሜ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ወረድሁ። የመጀመሪያው በያጅ ዕቃውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ «ብረት ቢሆን ኖሮ» አለና ወደ ሥራው ዞረ። ሁለተኛው አሉሚኒየም እንደሚችል ነገረኝ፤ ዋጋውን ሲነግረኝ ግን ሞተሯን አዲስ የሚገዛልኝ መስሎኝ ነበር። የደመወዜ ግማሽ ነው፤ እሱም ከሁለት ሳምንት ወረፋ በኋላ። በጎቹ ወረፋ አይጠብቁም ብዬ ብነግረው «ታዲያ ለበጎቹ ንገራቸው» ብሎ ሳቀ። ጆንያዬን ታቅፌ ተመለስሁ።

ማክሰኞ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ፣ ጋሽ ወልዴ፣ በሐዘኔታ ሲያዩኝ ቆዩና ጠጋ አሉ።

«ሐኪም፣ ይኼን እኮ ከወንዙ ማዶ ያሉት ባለ እጅ፣ ቀጥቃጩ ደስታ፣ ይሠሩታል። የወፍጮውን ሞተር የጠገኑት እሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አሉኝ?»

«እንዲያው… ያው ያውቁት የለ? ዕቃውን ከበር ይስጡ፣ ከበር ይቀበሉ። ቤት ግን አይግቡ። ዓይናቸው ጥሩ አይደለም ይባላል።»

ያን ጊዜ የጋሽ ወልዴን ጆሮ እንዴት እንዳደነቆርሁት! ማረሻው የማን ሥራ ነው? ማጭዱስ? በጉ የሚሸለትበት መቀስስ? የሰውየውን ሥራ በእጃችሁ ይዛችሁ እየዋላችሁ፣ እህል አብራችሁ አትቀምሱም፤ ድግስ ሲሆን ከአጥር ውጭ በቅጠል ትሰጧቸዋላችሁ፤ ለእጃቸው ትለምኗቸዋላችሁ፣ ከዓይናቸው ልጆቻችሁን ትደብቃላችሁ! አብዮቱ የመጣው ለምን ሆነና! ሳልጨርስ ጋሽ ወልዴ «እሺ ጌታዬ» ብለው ሄዱ። እኔም በራሴ ንግግር ልቤ ተነክቶ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ወንዙን ተሻገርሁ። አቶ ደስታ ቀጠን ያሉ፣ ቅንድባቸው በፍም የተለበለበ ሽማግሌ ናቸው። «እርስዎ» ብዬ ጠራኋቸው፤ መንገደኛው ሁሉ አንተ እንደሚላቸው አውቃለሁና በዚህ በጣም ተደስቻለሁ። ዕቃውን ከጆንያው አውጥተው ወደ ፀሐይ አዞሩት፣ በጥፍራቸው ስንጥቁን ተከተሉት። የደብረ ብርሃኑን ዋጋ ነግሬ የእሳቸውን ብጠይቅ «ይድረስልዎ መጀመሪያ» ብቻ ነው ያሉት።

እንግዲህ ሙያ ምን እንደሆነ ያን ዕለት አየሁ። መጀመሪያ ዘይቱን በዐመድና በፈላ ውኃ አጠቡት። ከዚያ በስንጥቁ ጫፍና ጫፍ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በሱ፤ «እንዳይሮጥ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ይቆማል» አሉኝ። ሚስታቸው ወናፉን ይዘዋል። ዕቃውን በፍም ዳር በቀስታ እያገላበጡ አሞቁት፤ የተሰበረ የመኪና ፒስተን አቅልጠው ስንጥቁን በሽቦ እየፋቁ በላዩ አፈሰሱበት። ወዲያው ከእሳቱ አውጥተው ትኩስ ዐመድ ውስጥ ቀበሩት፤ ብርድ ከነካው ይሰነጠቃል አሉ። ሲወጣ በሞረድ አስተካከሉትና ላምባ ሞልተው ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጡት። ቁጭ ብለን ጨርቁን አየን። አንዲት ጠብታ የለም። እልል ማለት ቃጣኝ።

«ስንት ልክፈል አቶ ደስታ?»

«ኧረ ምን ክፍያ አለው! ለበጎቹ አይደል? እኔም ሁለት በጎች አሉኝ። ይልቅ ይግቡና ምሳ ይቅመሱ።»

ሚስታቸው ውኃ ማስታጠቢያ ይዘው ወጡ። በገበታው ላይ በቅቤ የታሸ ጭኮ፣ አጠገቡ እርጎ። እኔ ጋሽ ወልዴን ያንን ሁሉ ንግግር ያደረግሁ ሰው፣ እግሬ ከደጃፉ ላይ ተተከለ። ልጅ ሆኜ ስለ ቡዳ የሰማሁት ሁሉ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ትዝ አለኝ። አንደበቴ ሳላዘው ተናገረ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። ጾም ነኝ።»

አቶ ደስታ ሚስታቸውን አዩ፤ ሚስታቸው ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጡ።

«ረቡዕስ ረቡዕ ነው» አሉ አቶ ደስታ በእርጋታ። «ግን ሐኪም፣ ፋሲካ ከዋለ ገና ሁለተኛ ሳምንታችን። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ይበላል ሲባል ነበር የምናውቀው። እኛ ቅዳሴ የምንሰማው ከአጥሩ ውጭ ቆመን ስለሆነ፣ የተለወጠ ነገር ካለ አልደረሰን ይሆናል።»

ሰውየው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ዕቃውን በጆንያዬ ጠቅልለው፣ ገመዱን አጥብቀው አስረው፣ አጥሩ በር ድረስ ወጥተው ሰጡኝ። «ከእንግዳ አንቀበልም ብዬ ነበር» አሉ። «ገበያተኛ ከሆኑ ግን ዋጋ አለው።» ከዚያም የደብረ ብርሃኑን በያጅ ዋጋ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ጠሩልኝ። ከፈልሁ። አልተከራከርሁም።

ማታውን ሞተሯ ተገጠመች፤ ሐሙስ ሳይነጋ ክትባቱን ከኋላዬ አስሬ ወጣሁ፤ በረዶው ሳይሟሟ ራቤል ደረስሁ። እስከ ማታ የከተብሁትን በግ አልቆጠርሁትም፤ ክንዴ ዝሏል። የግሼ ሰው ደግሞ ውለታ አይረሳም፤ ሙክት አርደው ጠበቁኝ። እኔ እጄን ስታጠብ አንድ ሽማግሌ ሞተሯ ዘንድ ተቀምጠው ብየዳውን በአውራ ጣታቸው ይደባብሱ ነበር።

«ሐኪም፣ ይኼን የመሰለ ሥራ ማን ሠራልዎ?»

ገበታው ዙሪያ የነበረው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አቶ ደስታ ብል እነዚህ ሰዎች «ቤታቸው ገቡ እንዴ? እህል ቀመሱ?» እንደሚሉኝ፣ ከገበታውም ፈቀቅ እንደሚሉ አውቃለሁ።

«ደብረ ብርሃን ነው ያሠራሁት» አልሁ።

«ብዬ ነበር!» አሉ ሽማግሌው። «እንዲህ ያለ እጅ እኛ ዘንድ የት ይገኛል!»

ራሴን በአዎንታ ነቅንቄ ሥጋውን ጎረስሁ።