ስለ እኔ የጾሙ አይጦች

እርጅና ከጉልበት ይጀምራል የሚሉ አሉ። የለም ከዓይን ነው ብለው የሚሟገቱም አሉ። እኔ ከአንጀት ነው ባይ ነኝ፤ ምስክሮቼም አይጦች ናቸው። አትሳቁ። በዚህ ዘመን ከአይጥ የሚሻል የሰው ምስክር ስንት አገኛችሁ? ነገሩ ቆየት ስላለ የአይጦቹን ቁጥር ልስት እችላለሁ፤ የትኛው ሳምንት እንደነበረም አልምልም። ጥፋቱ የማን እንደነበረ ግን አልስትም፤ እሱን የሚያስታውሱኝ ብዙ ናቸው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ ከሰው መብዛት በጀመረበት ሰሞን፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የትምህርት ግቢ ዘበኛ ነበርሁ። ስድስተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሽማግሌ ከዚያ በላይ ምን ይሾም? ኋላ ግን ሹመት መጣልኝ። ብርቱካን የምትባል የይፋግ ልጅ ለትልቁ ዲግሪዋ ነጫጭ አይጦች ታረባ ነበርና የእነሱ መጋቢ አደረገችኝ። አባቴ ዕድሜ ልኩን አይጥ ከጎተራ ሲያባርር ሞተ፤ ልጁ አይጥ ቀላቢ ሆነ። ዕድገት ማለት ይሄ ነው።

ሥራዋ እንዲህ ነው። የትንሹን አንጀት ውስጥ ለውስጥ የሸፈኑ፣ ምግብ የሚመጥጡ፣ በዓይን የማይታዩ ሴሎች አሉ አሉ። በየጥቂት ቀኑ አሮጌው እየረገፈ በአዲስ ይተካል። ዕድሜ ሲገፋ ግን መተካቱ ይለግማል። ይህ በአይጥ ላይ እንዴት እንደሚሆን ነበር የምትመረምረው። አንድ ቀን እንደማይገባኝ አይታ በማጉሊያው አሳየችኝ። የወጣቷ አይጥ አንጀት የጋፋት ገብስ ይመስላል፤ ቀጥ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ። የአሮጊቷ በረዶ የመታው ማሳ ነው፤ እዚህ አጠር፣ እዚያ ዘመም። «እርጅና እንዲህ ያደርጋል፣ አባባ» አለችኝ። ሆዴን ያዝሁ። እኔም ሽሮ በቀመስሁ ቁጥር ሲጮህ የሚውል ሆድ ባለቤት ነኛ! የሰውስ እንዴት ነው ብላት፣ «እሱን ለማየት ፈቃደኛ ያስፈልጋል፤ እርስዎ ይሰጡናል?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ትእዛዟ አንድ ብቻ ነበር፦ መኖ ከፊታቸው እንዳይጠፋ። እኔም አላጠፋሁም፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ።

የነፍስ አባቴ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳሉ፤ ግን «ልጄ» ይሉኛል። «ልጄ፣ አንተ ሆድህ ታሟል፤ ጠዋት ቅመስ፤ ፈቅጄልሃለሁ» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። የእኔ ሙያ መጨነቅ ነው። እሳቸው ፈቀዱ፤ ላይኛው መዝገብ ላይ መጻፉን በምን ዐውቃለሁ? አንድ ረቡዕ ጠዋት ቂንጬዬን እየበላሁ እንዲህ ሳብሰለስል ዓይኔ በአሮጌዎቹ አይጦች ላይ ዐረፈ። ወፍረው፣ ነጥተው፣ ዓሣና ወተት የገባበት መኖ በጾም ቀን ይቆረጥማሉ! የነነዌ ሰዎች ከብቶቻቸውን ሳይቀር አስጹመው እንደዳኑ ደግሞ የነፍስ አባቴ ራሳቸው በቅርቡ ሰብከዋል። ከብት ከጾመ አይጥ ምን ክብር አለውና ይቀራል?

እናም ጀንበር ስትጠልቅ የአሮጌዎቹን መኖ አነሣለሁ፤ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመልሳለሁ። ቅዳሜና እሑድ በጠዋት እሰጣለሁ፤ ሥርዓት ዐውቃለሁ። ወጣቶቹን ሰባት ዓመት ስላልሞላቸው ማርኋቸው። አሮጌዎቹስ ሞላቸው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ዓመት ያለፈው አይጥ ሽማግሌ ነው ያለችኝ ራሷ ናት፤ ለምርምር ሽማግሌ የሆነ ለጾም ሕፃን ሊሆን ነው? ጾሙን በእኔ ስም ነበር ያስያዝሁት፤ ውክልና በሉት። በየቀኑ ወረቀቷ ላይ «በልተዋል» ብዬ ፈረምሁ። በልተዋላ! ሰዓቱን ማን ጠየቀኝ?

ከፋሲካ በኋላ አይጦቹ ወደ ቢላዋ ሄዱ፤ አንጀታቸው ወደ ማጉሊያ። ብርቱካን በረዶ የመታው ማሳ ስትጠብቅ የአሮጌዎቹ አንጀት ያማረ ገብስ ሆኖ ቆሞ ጠበቃት። አስተማሪዋ አይቶ፣ «ወጣቱን ካሮጌው ቀላቅለሻል፤ እንደገና ጀምሪ» አላት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። «አባባ፣ አይጦቹ እስኪያረጁ ስጠብቅ እኔ አረጀሁ፤ ከእንግዲህ ሌላ አይጥ የማስረጅበት ዕድሜ ከየት ላምጣ?» አለችኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ምስጢሩን የምናውቀው እኔና አይጦቹ ነን፤ አይጦቹም ተከትፈዋል። ግን የሰው ልጅ እንባ ከጾም ዕዳ ይከብዳል፤ ተናዘዝሁ። አፏን ከፍታ ቀረችና «አባባ! አይጥ አስጾሙ?» አለች። «አሮጌዎቹን ብቻ» አልኋት፣ ቅጣቱ እንዲቀልልኝ። እንባዋ ሳይደርቅ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ቅዳሜና እሑዱን ሳይቀር ጠይቃ ጻፈች፤ እኔም ለአስተማሪዋ ቃሌን በጽሑፍ ሰጠሁ። እሱም ላስብበት አለ። እኔ ሳይታሰብብኝ ወደ በሩ ተመለስሁ።

ለነፍስ አባቴም ነገርሁ። «ጾምን በአይጥ?» አሉና ፈረዱ፦ አይጥ ማስጾም የቻለ ሰው ራሱ መጾም አያቅተውም፤ ሃምሳው ሲወጣ የሐዋርያትን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጹም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ሰምታችኋል፤ አይጥ ባልበላ የተመታ እኔ ብቻ ነኝ።

እሞታለሁ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሆዴ መጮኹን ተወ። ለጥንቃቄ ለማንም አልተናገርሁም።

ጾሙ በተፈታበት ዕለት፣ ሐምሌ አምስት ቀን፣ ብርቱካን ለጽሑፏ ከሄደችበት ከባሕር ዳር ደወለች። አስተማሪዋ ጽሑፏን ጾሙን ከነሰዓቱ አስገብታ እንድትጨርስ ፈቅዶላት ተቀብሏታል፤ ልትመረቅ ነው። እልል አልሁ። ከደስታዬ ብዛት የእኔም ሆድ ጾሞ ዳነ ብዬ አመለጠኝ። በወዲያኛው ጫፍ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። «ውይ አባባ፣ አንጀትዎን መጥቼ ባየው!» አለች።

በዚያ ማጉሊያ አንጀታቸው የታየላቸውን አንድ በአንድ አስታወስሁ። ከታየላቸው በኋላ ምሳ የበላ የለም።

«ልጄ፣ ተመልሶ ታሟል» አልኋትና ስልኩን ዘጋሁ። የእሷን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።