ግዝት ያለበት ባነር

በላሊበላ ከተማ ዲዛይን የሚወድ ሰው ሞልቷል። ዲዛይነሯ ዓይናዲስ ሙሉሃብት ይህን የምታውቀው፣ ሥራዋን ወስዶ ሳይመርቃት የሄደ ደንበኛ ኖሯት ስለማያውቅ ነው። ባለሆቴሉም፣ ሠርግ ደጋሹም፣ ማኅበርተኛውም የሠራችላቸውን በስልካቸው ይቀበሉና «እጅሽ ይባረክ» ይሏታል። አገሩ የጻድቃን አገር ነውና ምርቃቱ እንደሚደርስ አትጠራጠርም። አከራይዋ ግን የቤት ኪራይ በምርቃት አይቀበሉም።

አባቷ መሪጌታ ሙሉሃብት ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኘው የገነተ ማርያም ሰው ናቸው። ኮምፒውተሩን የገዙላት የምትታለብ ላማቸውን ሸጠው ነው። ዓይናዲስም ከገበያው በላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ሥራ ጀመረች። ከደንበኞቿ ሁሉ ትልቁ የበዓላት ማድመቂያና የገጽታ ግንባታ ጽሕፈት ቤት ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደርበው አምና የገናን ባነር አሠሯት። ስለ ክፍያው ስትጠይቃቸው በጀቱ በሂደት ላይ መሆኑን ገልጸው፣ እስከዚያው የምስጋና የምስክር ወረቀት እንዲሰጣት ወሰኑ። የምስክር ወረቀቱን የሚሠራ ሰው ስለታጣ እሷው ራሷ ሠራችው። የእሱም አልተከፈላትም።

ዘንድሮ ገና ሲቃረብ አቶ ደርበው እንደገና አስጠሯት። ባነር ይፈለጋል፣ ኮፍያ ይፈለጋል፣ ካናቴራ ይፈለጋል። ዓይናዲስ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀች። አቶ ደርበው አዘኑ። ቅድሚያ ክፍያ ለማይታወቅ ሰው እንደሚሰጥ፣ እሷ ግን የአገር ልጅ ስለሆነች ቅድሚያ እንደማያስፈልጋት አስረዷት። እንግዲያው ውል እንጻፍ አለች። ውል የሚጻፈው በማይተማመኑ ሰዎች መካከል ነው አሏት። ቢያንስ የአምናው ይከፈለኝ አለች። የአምናው በጀት ዓመት ተዘግቷል፤ የተዘጋ ነገር መክፈት ደግሞ ሙስና ነው አሏት።

እሑድ ገነተ ማርያም ሄዳ ብሶቷን ለአባቷ አወራች። መሪጌታ ምክር በቀጥታ ሰጥተው አያውቁም። ስለ ድሮ ጸሐፊዎች አወሩላት። ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ የሚጽፉት ሰዎች ከመጨረሻው ገጽ ላይ ግዝት ያኖሩ ነበር፤ የሰረቀው፣ የፋቀው ውጉዝ ይሁን እያሉ። ሌባ ቁልፍ ይሰብራል እንጂ ግዝት አይሰብርም አሉ መሪጌታ። ዓይናዲስ ወደ ከተማ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ስታሰላስል መጣች።

ዲዛይነሮች ያልተከፈለበት ሥራ ናሙና ሲልኩ፣ እንዳይወሰድባቸው በላዩ ላይ ጽሑፍ ያሻግራሉ። ዓይናዲስ ባነሩን ስትጨርስ ከጥግ እስከ ጥግ በቀይ ቀለም እንዲህ የሚል ግእዝ አሻገረችበት፦ «ዘነሥአ ዘንተ ግብረ ዘእንበለ የሀብ ዐስበ፣ ውጉዘ ይኩን።» ይህን ሥራ ዋጋውን ሳይሰጥ የወሰደ፣ የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ናሙናውን ለአቶ ደርበው ስትልክ ሐሳቧ ቀላል ነበር። አቶ ደርበው ያነባሉ፣ ይደነግጣሉ፣ ይከፍላሉ፤ ጽሑፉም ይነሣል።

አቶ ደርበው በማግስቱ ደወሉ።

«ዓይናዲስ፣ ይቺ በቀይ የተጻፈችው ነገር...»

ዓይናዲስ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«አነሰች። ትንሽ አጉያት።»

ጽሑፉ ክፍያው ሲፈጸም የሚነሣ መሆኑን ነገረቻቸው። ማንም እንዳይነካት አሉ። ግእዝ እንግዳ ይስባል፤ የአምናው ባነር የጎደለው ይኸው ነበር።

«ምን እንደሚል ግን አይተውታል?»

«ልጄ፣ ግእዝ የአባቶቻችን ቋንቋ ነው። የአባት ነገር ይከበራል እንጂ አይተረጎምም።»

አጎላችው።

ባነሩ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ። ግዝቱ ኮፍያ ላይ ወጣ፣ ካናቴራ ላይ ታተመ፣ በሠራተኞቹ ሁሉ ደረት ላይ ዋለ። ላሊበላ ደግሞ ድንጋይ ብትወረውር ግእዝ የሚያነብ ሰው የምትመታበት ከተማ ነው። ቄሶቹ ከበሩ ሥር ቆም ብለው ያነቡና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ከፍ አድርገው ያልፋሉ። ዲያቆናቱ አቶ ደርበው ሲመጡ ፈጥነው መንገድ ይለቃሉ፤ አንዳንዱም ያማትባል። አቶ ደርበው ለሥልጣናቸው የሚሰጥ ክብር መስሏቸው በፈገግታ እጅ ይነሣሉ።

ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ቀኑ። የሆቴል ባለቤቷ ወይዘሮ ባንቺዓለም ከማን አንሰን ነው፣ ያቺ ቀይ ጽሑፍ ለእኛም ትጻፍልን ብለው ራሳቸው መጡ። ዓይናዲስ ትርጉሟን ነገረቻቸው። ወይዘሮዋ ጥቂት አሰቡና፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ያልከበደ ለእኛ ምን ይከብዳል ብለው አዘዙ። ሥራው ሲያልቅ ወሰዱት። አልከፈሉም።

የበዓሉ መክፈቻ ቀን መሪጌታ ሙሉሃብት ከገነተ ማርያም መጡ። በበሩ ሥር ቆመው አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«ልጄ፣ ማውገዝ እኮ የካህን ነው» አሏት።

«እኔ ናሙና ነው የላክሁት፣ አባ። ያሰቀሉት አቶ ደርበው ናቸው።»

መክፈቻው ላይ አቶ ደርበው ረጅም ንግግር አድርገው እንዳበቁ፣ ከበላይ አካል ከመጡት እንግዶች አንዱ ቀዩ ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ደርበው ግራ ቀኝ ተመለከቱና፣ ነጭ ጥምጥማቸው ከሩቅ የሚታየውን መሪጌታን ወደ መድረኩ ጋበዙ። ዓይናዲስ ከሕዝቡ መካከል ቆማ ታይ ነበር። አባቷ በሐሰት አይተረጉሙም። እውነቱን ከተናገሩ ደግሞ ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ለእሷ ሥራ የሚሰጥ አይኖርም።

መሪጌታ ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው ግእዙን በዜማ አነበቡት። ከኋላ የቆሙት ካህናት እንደ ልማዳቸው «አሜን» አሉ። ከሁሉ ጮክ ብለው አሜን ያሉት አቶ ደርበው ነበሩ። ከዚያ መሪጌታ ያንኑ በአማርኛ ተናገሩት፤ አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አንዲት ቃል አልቀነሱም።

የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ቀስ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ካናቴራውን ግን በሕዝብ ፊት ማውለቅ አልተቻላቸውም። የአቶ ደርበው ፊት ቅንጣት አልተለወጠም። ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው፣ ወጣቶችን እያሠሩ በማይከፍሉ አንዳንድ አካላት ላይ ጽሕፈት ቤታቸው ይህን የማያወላውል አቋም የወሰደው ከጥልቅ ጥናት በኋላ መሆኑን አብራሩ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ተሞክሮው ወደ ሌሎች ወረዳዎች እንዲሰፋም አቅጣጫ ተቀመጠ።

በዓሉ እንዳለፈ አቶ ደርበው ራሳቸው ወደ ዓይናዲስ ክፍል መጡ። ሊከፍሏት የመጡ መስሏት ያላትን አንድ ወንበር ለቀቀችላቸው። የመጡት ግን ለንቅናቄ ነበር። «ከፍለን እንጠቀም» የሚባል ንቅናቄ ተመሥርቷል፤ እሳቸው ሰብሳቢ ሆነዋል። አሁን አርማ፣ ባነርና ካናቴራ ያስፈልገዋል።

ዓይናዲስ ስለ ክፍያው ጠየቀች። አቶ ደርበው እንደገና አዘኑ፤ ይህኛው ሐዘን ከልብ ነበር።

«ሕዝቡ መክፈል ገና አልለመደም፣ ልጄ። አንቺ በነጻ ሠርተሽ ካላስተማርሽው ከማን ይማር?»

ወሩ ሳያልቅ ክፍሏን ለቀቀች።

አሁን የምትኖረው ፍላቂት ከተማ ነው። በሚኒባሶች የኋላ መስታወት ላይ ጥቅስ ትለጥፋለች። ሾፌሮቹ ይከራከሯታል፣ ፊደሉ ተጣመመ ብለው ይነዘንዟታል፣ ዋጋ ያስቀንሷታል። ከዚያ ከኪሳቸው አውጥተው ይከፍሏትና ይሄዳሉ። በቀደም መሪጌታ ሊጠይቋት መጥተው ከጎኗ ተቀምጠው ሲያዩ ዋሉ። ነገሩ በጣም ደነቃቸው፤ ሾፌር እንዲህ ጨዋ መሆኑን አላውቅም ነበር አሉ።

«ጨዋ ሆነው አይደለም፣ አባ» አለች ዓይናዲስ። «ጽሕፈት ቤት ስለሌላቸው ነው።»