በዕድሩ ድንኳን ስለሚካሄደው አስቂኝ ጦርነት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ አያት ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናል ቤት
የተገኙ፦ አቶ ገሰሰ (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ዘኪያ (ዕቃ ያዥ)፣ አቶ ሰቦቃ (አባል፣ የቀድሞ ወታደር)፣ ፀጋዘአብ (ጸሐፊ)። ለማስረዳት የተጠራች፦ ሸይማ፣ የፊልም ዳይሬክተር፣ የወ/ሮ ዘኪያ ልጅ።
አምስተኛው አባል ባይመጡም በመስኮታቸው ሆነው ሲሰሙ ስለታዩ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ ድንኳኑ ይነሣ ወይስ ይቆይ?

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ሸይማ ከአቶ ሰቦቃ የግንባር ትዝታ ለምትሠራው አስቂኝ ፊልም የዕድሩን ድንኳን የጦር ካምፕ ብላ ግቢ ውስጥ ብትተክለው፣ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ መጣ። ፊልም ነው ቢባልም መምጣቱን አልተወም።

ሸይማ ካሜራ ባነሣች ቁጥር አንዱ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ እንደሚገባ፣ የቀራት ግን አንድ ትዕይንት (ሲን) ብቻ እንደሆነ ተናገረች። እናቷ ወ/ሮ ዘኪያ በበኩላቸው፣ ወታደር ተብዬዎቹ ለለቅሶ የመጣውን ንፍሮ ሙልጭ አድርገው መብላታቸውን ገልጸው፣ «ወይ ዓይን አውጣ!» በማለት አስመዝግበዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦
ሀ) ድንኳኑ ይቆይ። ሆኖም ሰው ከሞተ ዕድሩ ሦስት ቀን መቀመጥ ስለሚኖርበት፣ በጦርነቱ ማንም እንዳይሞት።
ለ) ጠላት ሆኖ የሚሠራ ነዋሪ ስለታጣ፣ ጠላት የዓመት ፈቃድ ላይ ነው ተብሎ ይታለፍ።

ሸይማ የቀረው ሲን ማስተዋል የሚባለው የካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኛ የሚሞትበት እንደሆነ ስትናገር ጩኸት ተነሣ። ወ/ሮ ዘኪያ «አስቂኝ ነው አላልሽም እንዴ?» አሏት። ድንኳኑ ዛሬውኑ እንዲነሣ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ።

አቶ ሰቦቃ ዕድል ይሰጠኝ ብለው ተነሡ። «ማስተዋል ግንባር ላይ ያስቀን ነበር። እኛን እያሳቀ ነው የተመታው። ዘመድ አልነበረውም፤ ድንኳን የተከለለት የለም። ጎረቤቱ ማን ሞተ ሲለኝ ማስተዋል ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሲያለቅሱለት ሳይ አንጀቴ ራሰ። እባካችሁ አታንሡብኝ» አሉ።

ሰብሳቢው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከዚህ በላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ማስተዋል የዕድሩ ሟች ነው፤ ሦስት ቀን እንቀመጥለታለን። ሸይማም ትቅረጽ፣ የሚያለቅስ ያልቅስ፣ የሚስቅም አይከልከል። ንፍሮውን ወ/ሮ ዘኪያ ይቀቅላሉ።

ስብሰባው 11፡30 ላይ ተበተነ፤ ወደ ቤቱ የሄደ ግን የለም፤ ሁሉም ድንኳን ገባ።