በአንድ ዓይን የተሣልኩ ጊዜ

የ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ ፍልሰታ ጾም ላይ ነበርን። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት የዋለችው ልጄ ሄለን ምስር ስለቅም ከጎን ሆና በእርሳስ ሣለችኝ። ደስ ብሎኝ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ሥዕል አይቶ ሳይተረጉም የሚያልፍ ጎረቤት አላችሁ? እኔ የለኝም። እትዬ ብርቄ ከአምቦው ዝናብ ሊጠለሉ ገቡና እንደ መርማሪ ፖሊስ ተጠጉት።

«ይቺ ማናት?»

«እኔ ነኝ።»

«በስመ አብ! ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳን በሁለት ዓይን አይደል የሚሣሉት? በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው! ልጅሽን ምን ብትበድያት ነው?»

እውነታቸውን ነው፤ የድሮ ሠዓሊዎች ክፉውን በጎን ነበር የሚሥሉት። ከምስር ለቀማ ተነሥቼ ሲኦል ለመድረስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም ማለት ነው።

ሄለን ግን አልሳቀችም። ሥዕሉን ነቅላ ልትቀደው ያዘችው። «ምን ላድርግ እትዬ? እማዬ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት። ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም፤ ያየሁትን ነው የሣልኩት» አለች እንባዋ እየመጣ።

ስድስት ልጆች ያሳደጉት ተርጓሚያችን ወረቀቱን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱና መልሰው ለጠፉት።

«አይዞሽ ኢንታላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ። የእኔም ልጆች ቢሥሉኝ ሁለተኛውን ዓይኔን ከየት ያመጡታል?» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ ምስሩን ሳልነካ፣ ልጅ ለሰጠኝ አምላክ ምስጋና አቅርቤ፣ ከሄለን ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

«እርሳስሽን አምጪ» አልኳት።