ተማሪ ከረዋን መቅረዙን በራሷ ትሸከም ወይስ አትሸከም

ዕለት፦ ሐሙስ፣ ኅዳር 12። ለ9 ሰዓት ተጠርቶ በ10 ሰዓት ተጀመረ።
ቦታ፦ ካይሮ፣ ሹብራ፣ የሠርግ ጨፋሪዎች ማሠልጠኛ ምድር ቤት።

የተገኙ፦
1. ኡስታዝ ሰብሪ፣ ሰብሳቢ። የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ጨፍረው አያውቁም።
2. አም በዩሚ፣ ከበሮ መቺ።
3. አብላ ናርጊስ፣ የሆድ ዳንስ አስተማሪ።
4. ሐጂ ሹክሪ፣ አባል። ተኝተዋል፤ ምልዓተ ጉባኤው እንዲሞላ ግን ተቆጥረዋል።
5. እኔ ዋጊህ፣ ጸሐፊ። የተመረጥኩት እስክሪብቶ ስለነበረኝ ነው፤ ድምፅ የለኝም።

አጀንዳ 1፦ ከረዋን ዛሬ ማታ በሙሽሮች ሰልፍ ፊት፣ ዐሥራ ሦስት ሻማ የሚበራበትን መቅረዝ በራሷ ላይ አድርጋ ትጨፍር እንደሆነ መወሰን።

አብላ ናርጊስ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ምትክ እንደሚያሻቸው አስረዱ። ልጅቷ በከዘራ መጨፈር ሁለት ዓመት፣ በሻሽ አንድ ዓመት ተምራለች፤ ስድስት ወር ደግሞ የሻይ ትሪ በራሷ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከርማለች። ዛሬ ካልተፈቀደላት ቅዳሜ አክስቷ ወደ ታንታ ከተማ ወስደው ክር ፋብሪካ ያስገቧታል።

ሰብሳቢው ሻማዎቹ ሳይለኮሱ እንዲቀሩ ሐሳብ አቀረቡ። አም በዩሚ "ሠርግ ነው ለቅሶ?" ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው እንግዲያው ከመቅረዙ ሥር የግንበኛ ቆብ ታድርግ አሉ። አብላ ናርጊስ "ቆቡን አንተው አድርገው፤ ከሥሩ የሚጠበቅ ነገር ካለህ" አሉ። ሰብሳቢው ይህ ይሰረዝ ብለዋል፤ አልተሰረዘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የሐጂ ሹክሪ ማንኮራፋት ለሰብሳቢው እንደ ድጋፍ ተቆጥሮ፣ ድምፁ ሁለት ለሁለት ሆነና ሰብሳቢው ያሉበት አሸነፈ። ተወሰነ፦ በመቅረዝ መጨፈር የምትሻ ሁሉ በመቅረዝ የሦስት ዓመት የጭፈራ ልምድ ይኑራት፤ ልምዱ የሌላት መቅረዝ እንዳትነካ።

አጀንዳ 2፦ የከዘራ ርዝመት።

ገና ሳይጀመር መብራት ጠፋ። ሰብሳቢው በጨለማው ውስጥ "አንቺ ልጅ፣ ሻይና መብራት አምጪ" ብለው አዘዙ። ከረዋን በእጇ የሻይ ትሪ፣ በራሷ መብራቱን ይዛ ዐሥራ ስድስቱን ደረጃ ወረደች። ሻዩን አድላ አጠገቤ ቆመች። አም በዩሚ ጠረጴዛውን በጣታቸው ሲመቱ ዳሌዋ ይመልስላቸው ነበር፤ አንገቷ ግን ንቅንቅ አላለም።

ኮሚቴው ሃምሳ ደቂቃ ተጨቃጨቀ። ከዘራ የሰው ዓይን ስለሚያወጣ በግማሽ እንዲቆረጥ ተወሰነ። አም በዩሚ "ግማሽ ከዘራማ ማማሰያ ነው" ብለዋል።

ሰብሳቢው የመጀመሪያው ውሳኔ በንባብ እንዲሰማ አዘዙ። "መቅረዝ እንዳትነካ" ከሚለው ስደርስ አብላ ናርጊስ በየትኛው ብርሃን እንደማነብ ጠየቁኝ። ሁሉም ቀና አሉ፤ መቅረዙ በከረዋን ራስ ላይ ዐሥራ ሦስቱንም ሻማ አብርቷል። የሚመዘገበውን እመዘግባለሁ፦ በዚህ ወረቀት ላይ አንዲትም የሰም ጠብታ የለችም።

ሰብሳቢው ሻማው እሳት መሆኑን ያኔ አስታውሰው "እንዴት ዝም አላችሁ?" አሉ። አም በዩሚ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብለው መለሱ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ኮሚቴው ራሱ በከለከለው መቅረዝ ሥር መዋሉ ቢሰማ ጉድ ስለሚፈላ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ፣ ስብሰባውም እንዳልተደረገ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሐጂ ሹክሪ ለዚህኛው ነቅተው እጃቸውን አውጥተዋል።

አብላ ናርጊስ "እንግዲህ የከለከለሽ የለም። ነይ ልጄ፣ ሙሽራዋ ትጠብቃለች" አሉ። ከረዋን ደረጃውን እየጨፈረች ወጣች።

ስብሰባው በግምት 11 ሰዓት ተኩል ተበተነ። መብራቱ አብሯት ስለወጣ ሰዓት ማየትም ሆነ ይህን ቃለ ጉባኤ መፈረም አልተቻለም።