አኩሪ አተር በረዶ ውስጥ ሲያድር

የአራት ዓመት ልጅ ጾም ስትይዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እቤቴ ውስጥ ነው ያለችው። ሶልያና ትባላለች፣ ልጄ ናት፣ በጾም ጉዳይ ከደብረ ማርቆስ ካህን ሁሉ የምትብሰው እሷ ናት።

ነገሩን ያመጡት አባባ ናቸው። አባባ የምላቸው የባለቤቴን አባት ነው፤ ዲማ አካባቢ ቄስ ናቸው። ዘንድሮ ሁዳዴ በገባ ሰሞን ሊጠይቁን መጥተው ልጅቱ ሽሮ ስትበላ አዩና፣ "የኔ ጿሚ! አሁን እኔን መሰልሽ" አሏት። ራሷን ዳብሰው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለሳቸው ጨዋታ ነው። እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላል ሲቀርብላት "ጾም ነው"። ወተት ሲቀርብላት "ጾም ነው"። ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ጾም ደግ ነው፤ ማን ክፉ አለው? ችግሩ፣ ልጅቱ ከጾሙ በፊት ትኩሳት ይዟት ከስታብኝ ነበር። ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ቀሚሷ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ መዘነቻትና የሚዛኑን መርፌ አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ይህችን አስተያየት እናት የሆነች ታውቃታለች። እንቁላል ስጫት፣ ወተት ስጫት አለችኝ። ትጾማለች አልኳት። ማን ናት የምትጾመው አለችኝ። ልጅቱ አልኳት። ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ ግን አልሳቅኩም።

እኔ ስፈጠርም ጭንቀታም ነኝ። ልጄ ስትሮጥ ትወድቃለች እላለሁ፤ ስትቀመጥ ደግሞ ምነው ዝም አለች እላለሁ። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ከመንገድ በደወለ ቁጥር "በላች ወይ?" ይለኛል። ይሄ ጥያቄ እንዴት እንደሚያቆስል ወንድ መቼ ያውቃል? ጎረቤቱም ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ዓይን በልቷት ነው አለችኝ፤ ሌላዋ የኮሶ ትል ነው አለችኝ፤ ሌላዋ ደግሞ አንቺ ስለምትጨነቂ ነው የምትከሳው አለችኝ። እስቲ በዚህ ላይ አልጨነቅ!

ያልሞከርኩት የለም። ሽሮ ውስጥ እንቁላል መትቼ ደበቅኩ፤ አሸተተችው። ገንፎ ላይ ወተት ጠብ አደረግኩ፤ ማንኪያውን አፏ ሳይደርስ መለሰችው። የኬላ ፈታሽ እንኳ እንዲህ አይፈትሽም። ሲጨንቀኝ አባባ ጋ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋት። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም፣ ብይ አሏት።

"አባባ፣ አንተስ ትበላለህ?"

"እኔማ እጾማለሁ።"

"እኔም" አለችና ስልኩን መለሰችልኝ። አባባ በወዲያ በኩል ሲስቁ ይሰማኛል። ደስ ብሏቸው እኮ ነው!

አኩሪ አተር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ጤና ጣቢያው እናቶችን እየሰበሰበ ስለ ልጅ ምግብ ያስተምራል። አንድ ቀን አኩሪ አተር ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ ፈልቶ፣ በሎሚ ረግቶ፣ በጨርቅ ተጠልሎ፣ ከላዩ ድንጋይ ተጭኖበት አይብ የመሰለ ነገር ሲወጣው አሳዩን። ቶፉ ይባላል አሉን። ልጅን ያጠነክራል፣ ደግሞም የጾም ነው አሉን። የጾም ነው ሲሉ ልቤ ዘለለ። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአምስተኛ ክፍል ስለሆነ ስጽፍ እዘገያለሁ። በቃሌ ያዝኩት። እስከ ቤቴ ድረስ ለራሴ እያወራሁ ሄድኩ፤ ያየኝ ሰው አበደች ብሎ ይሆናል።

ሠራሁት። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚያምር። ስህተቴ ምን መሰላችሁ? "ነይ፣ አይብ ሠራሁልሽ" አልኳት። አይብ! በሁዳዴ! እንደ ከሳሽ አየችኝ። የአኩሪ አተር ነው፣ ጾም ነው ብዬ ምዬ ተገዝቼ አንድ ቁራጭ አፏ ገባ። "ሳሙና ነው" ብላ ተፋችው። ወጥ ውስጥ ከተትኩት፤ ተፈርፍሮ ከወጡ ጋር አንድ ሆነ። ጠበስኩት፤ ላዩ ቀላ፣ ውስጡ ያው ሳሙና። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ቀምሼ ሳሙና ነው ብያለሁ። በሆዴ ነው ያልኩት።

ከጎናችን ትዕግሥት የምትባል መምህርት ተከራይታለች። የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ሁዳዴን አትጾምም። ጾም ሲገባ ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ቅበላ ላይ ሥጋዋን ገዝታ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ከግቢው ማቀዝቀዣ ያላት እሷ ብቻ ናት። ድሮ እኔ ለደብረ ማርቆስ ሰው ማቀዝቀዣ ምን ይሠራለታል እል ነበር። ሐምሌ ላይ እኮ ከቤቱ ይልቅ ማቀዝቀዣው ይሞቃል! ያን ቀን ግን የተረፈው ቶፉ እንዳይበላሽ ፈራሁና አስቀምጪልኝ አልኳት። እንደፈለግሽ አስገቢ አለችኝ።

እንግዲህ እኔ ምን አሰብኩ? ቅዝቃዜ ከመበላሸት ያድናል። እንዲያ ከሆነ በጣም ሲቀዘቅዝ በጣም ያድናላ! ከላይ፣ በረዶው ክፍል፣ ከሥጋዋ ጎን ወተፍኩት። የፍስክ ነገር እንዳይነካው በፌስታል ላይ ፌስታል፣ እንደገና በፌስታል።

በማግሥቱ አንዱን ቁራጭ አስቀርቼ ሌላውን ሳወጣው ድንጋይ ሆኗል። ድንጋይ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ያ ነጭ ነገር ቢጫ ሆኗል! በቃ፣ መርዝ ሆነ አልኩ። ትዕግሥትን ጠርቼ እዪልኝ አልኳት። አገላብጣ አየችውና፣ "አንቺ ሴትዮ፣ መጀመሪያ ይቅለጥ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ" አለችኝ።

ሲቀልጥ ነጭነቱ ተመለሰ። ግን ዓይን አውጥቷል፣ ልክ እንደ እንጀራ። ጫን ስለው ውሃው ይንዠቀዠቃል፤ ስለቀው ተመልሶ ይነሳል። "ዕቃ እጠቢበት" አለች ትዕግሥት። እኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ውሃው የወጣበት ቦታ ባዶ ነው፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ ወጥ ይገባበታል። በሁለት መዳፌ መሃል ቀስ አድርጌ ጨመቅኩት። ጠንከር ካላችሁበት ይበጣጠሳል፣ አደራ። ቆራርጬ በዘይት ቀላ እስኪል ጠበስኩትና በደንብ የበሰለ ቁሌት ውስጥ ጨመርኩት። ቁሌቱን ምጥጥ አድርጎ ጠጣው።

የዚያን ዕለት አባባ ለዓይናቸው ሐኪም ሊያዩ መጥተው እኛ ጋ አርፈዋል። ዘጠኝ ሰዓት አለፈና ማዕድ ቀረበ። ባርከው ቆረሱ። ጎረሱ፣ ደገሙ። ሲያላምጡ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ሶልያናም ጎረሰች። አላመጠች። ልጄ አላመጠች! እልል ልል ስል ማላመጧን አቆመች። ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። አየችው። ከዚያ እጇን ወደ አያቷ ዘረጋች።

"አባባ፣ እማ ሥጋ አበላችኝ።"

አባባ የያዙትን ጉርሻ ቀስ ብለው ወደ ትሪው መለሱት። እሑድ ሊቀድሱ ነው እኮ። እኔን አዩኝ፤ ወጡን አዩት።

"ልጄ፣ ጥርሴም አንድ ነገር ሹክ ብሎኝ ነበር። ምንድን ነው ያበላሽን?"

"አኩሪ አተር ነው፣ አባባ።"

"አኩሪ አተር እንዲህ ይታኘካል?"

በረዶ ውስጥ አድሮ ነው አልኳቸው። ውርጭ ባቄላ ሲያቃጥል እንጂ ሥጋ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም አሉኝ። ማቀዝቀዣው የማን እንደሆነ ጠየቁ፤ የትዕግሥት ነው አልኩ። እሷ ሥጋ ታስቀምጥበታለች? አዎ። የሷ በምን ተጠቅልሏል? በፌስታል። ያንቺስ? በፌስታል።

ያን ጊዜ እኔው ራሴ ተጠራጠርኩ። በእጄ ጨምቄ፣ በእጄ ቆርጬ፣ ግን የሷን ፌስታል አንስቼ ቢሆንስ? ካህን በሁዳዴ ሥጋ አበላች መባሉ ቀላል ነገር አይደለም። የኔ ልብ ግን ያለው ልጅቱ ጋ ነው። ዛሬ ካላመነችኝ፣ ከእንግዲህ ከእጄ ሽሮም አትበላልኝ።

ሮጬ ትዕግሥትን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከቀረው ቁራጭ ጋር አመጣኋት። ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸውና፣ "አባባ፣ እኔ ሥጋ አውቃለሁ። ያ የበሉት ሥጋ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ጋ አይደርስም ነበር፤ ለራሴም አልበቃኝ" አለች። አባባ ሳቅ መጣባቸው፤ ግን ዋጡት። ያንቺን ምስክርነት ተቀብያለሁ፣ ዳኛዋ ግን ይቺ ናት አሉ፤ ወደ ሶልያና እያዩ።

ቁራጩን ሳህን ውስጥ አድርገን ሞቅ ያለ ውሃ አፈሰስንበት። ሲላላ አባባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው አነሱት። ጨመቁት፤ ውሃው በጣቶቻቸው መሃል ወረደ። መልሰው ነከሩት፤ ጠጣ። ጨመቁት፤ ተፋ። "ሥጋ እንዲህ ውሃ አይጠጣም" አሉና ለልጅቱ ሰጧት። ጨመቀች። ደገመች። ቀሚሷ ራሰ፣ የአባባ ጋቢም ራሰ።

"ቀዳዳውን ማን በሳው?"

"ውርጩ ነዋ።"

ወደ ጮቄ ተራራ በኩል ውርጭ የመታው አፈር ጠዋት እንዴት አብጦ እንደሚገኝ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃው ወጥቶ ባዶ ቤቱን ትቶ እንደሚሄድ፣ እግር ሲረግጠው እንደሚሰምጥ ነገሯት። ሶልያና አሰበች። በሌላው መዳፏ ይዛው የቆየችውን ቁራጭ አፏ ውስጥ መለሰችው። አላምጣ ዋጠችው።

"ጨምሪልኝ።"

ጨምሪልኝ! ከታመመች ወዲህ ይህን ቃል ሰምቼው አላውቅም። ጨመርኩላት። አባባም ትሪውን ዞር አድርገው ወጡ ያለበትን ወደ ራሳቸው አመጡት። ትዕግሥትም እንብላ ሳትባል ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር የምጮኸው ከማቀዝቀዣዋ ባለቤት በፊት እኔ ነኝ። አሁን ቆርጬ ነው የማስገባው፤ ሙሉውን ካስገባችሁት ለመቅለጥ ይቆያል። ነርሷም እንደገና መዘነቻት። መርፌው ትንሽ ከፍ ብሏል። ትንሽ ነው፤ ግን በዚህኛው ጊዜ እኔን አላየችኝም። ልጅቱን አይታ "ጎበዝ" አለቻት።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል ገበያ ወጣሁና ልጄን ትዕግሥት ጋ ትቻት ሄድኩ። ስመለስ ትዕግሥት በር ላይ ቆማ ጣቷን ትነክሳለች። እንዳትቆጪኝ አለችኝ። ለምሳዋ ሥጋ ጠብሳ ኖሯል። ልጅቱ መጥታ ምጣዱን አየች። ይሄ ላንቺ አይሆንም ልትላት ስትል ሶልያና ቀደመቻት፤ "ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሯል?" ብላ ጠየቀቻት። ትዕግሥት ልጅ ፊት አትዋሽም፣ መምህር ናት፤ አዎ አድሯል አለቻት። "እንግዲያው ይበላል" አለችና ቁጭ። ትዕግሥት ወጧን ልታማስል ዞር ብላ እስክትመለስ፣ የአባባ ጿሚ ጥብሱን አጋምሳዋለች። በልታ ስትጨርስስ ምን ብትል ጥሩ ነው? የእማ ይሻላል!

እስከ ዛሬ አላወቀችም። ግቢውን እየዞረች ጾሜን ጨረስኩ ትላለች። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ አባባ ጋ ደወልኩ። በሁዳዴ ሥጋ በላችብኝ አልኳቸው። በደንብ በላች ወይ አሉኝ። በደንብ በላች አልኳቸው። እንግዲያው እንዳትነግሪያት አሉኝ። እሷ እንደ ደንቡ ጠይቃ ነው የበላችው፤ ንስሐ የሚገባ የግድ ካስፈለገ ማቀዝቀዣው ይግባ።