ሽመላውና የአማቴ ማድቤት

ትናንት ሌሊት፣ ራት ላይ የበላሁት በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ ከብዶኝ ይሁን እንጃ፣ ጉድ የሆነ ሕልም አየሁ።

መጀመሪያ ግን የአማቴን ነገር ልንገራችሁ። እማማ ቬቱሪያ የሩማኒያ ባላገር ናቸው። ልጃቸውን ኢሊንካን ካገባሁ ስምንት ዓመቴ ነው። ለፋሲካ በመጣን ቁጥር ዳቦና ጨው ይዘው በር ላይ ይቀበሉኝና፣ ትራስ እስከ ጣሪያ በተከመረበት የእንግዳ ክፍል ያስቀምጡኛል። ቤተሰቡ ማድቤት ተሰብስቦ ሲስቅ እኔ ብቻዬን ምርጥ ምርጡን እበላለሁ። ምኞቴ አንድ ነው፦ እዚያ ገብቼ «ና ሽንኩርት ላጥ» መባል።

በሕልሜ ቤቶቹ ሁሉ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ውሾቹ ጌቶቻቸውን ያባርራሉ፣ ለመንገደኛ ጅራት ይቆላሉ። የመንደሩ መግቢያ ላይ መነጽር ያደረገ ሽመላ ቆሟል።

«ከየት ነህ?» አለኝ።

«ከደብረ ታቦር።»

«አውቀዋለሁ፣ የዚህን አገር የብርድ ወራት የማሳልፈው በዚያ በኩል ነው። እንዲህ ከሩቅ ከመጣህማ የኛው ልጅ ነህ፤ ግባ!»

ከኋላዬ የመንደሩ ሰው ጓዙን ተሸክሞ ተሰልፏል። ቄሱ «እዚሁ ነው የተወለድኩት» ቢሉ ሽመላው «ታዲያ ባዕድ ነዎት» ብሎ መለሳቸው። ቀጥሎ እማማ ቬቱሪያ የፋሲካ ቀይ እንቁላል በቅርጫት ይዘው መጡ።

«ከየት ነዎት?»

«ከዚሁ፣ ከውኃ ጉድጓዱ ማዶ።»

ሽመላው በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። አንጀቴን በሉኝ። «የእኔ እንግዳ ናቸው» ብዬ አስገባኋቸው። ቤታቸው የኔ ሆኗል። እንግዳ ክፍል አስቀመጥኳቸው።

«ልጄ፣ ማድቤት ልግባና ሽንኩርት ልላጥ» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም! ሰው ምን ይለኛል?» አልኩና አንድ ትራስ አስደገፍኳቸው።

ደግመው ለመኑኝ፤ ሌላ ትራስ ጨመርኩ። በመጨረሻ ሻሻቸው ብቻ ቀረ። ከትራሱ ሥር «ምን በደልኩህ?» ሲሉ ሰማሁ። «ይምጡ» ልል አፌን ስከፍት «ጨው ልጨምርልዎ?» የሚል ወጣኝ። ወደ ማድቤት ሮጥኩ። ሽመሎች ተሰብስበው ሽንኩርት እየላጡ ያለቅሳሉ።

«እማማ ይግቡ?»

«እንግዳ ናቸው እኮ!» አሉኝ በአንድ ድምፅ።

ተመልሼ ትራሱን መናድ ጀመርኩ። እጃቸውን አገኘሁት፣ ስቤ ላወጣቸው ስል ነቃሁ።

ነግቷል። ግቢው ውስጥ ጩኸት አለ። በመስኮት ሳይ የመብራት እንጨቱ ላይ ሽመላ አርፏል። አማቴ በሽርጣቸው እንባቸውን እየጠረጉ «ልጃችን መጣ! ከአፍሪካ ድረስ አገሩ ገባ!» ይላሉ።

ደስ አለኝ። ዛሬስ ብዬ በባዶ እግሬ ማድቤት ገባሁና ቢላና ሽንኩርት አነሳሁ። ሳቁ ቆመ። ሁሉም ከመቀመጫው ተነሣ። አማቴ ገብተው ቢላውን ቀስ ብለው ተቀበሉኝ፤ ክንዴን ይዘው ወደ ትራሶቼ መለሱኝ። ከመጣሁ ሳምንት ሆኖኛል። ዳቦና ጨው አምጥተው ጎንበስ አሉና፦

«እንኳን ወደ አገራችን በደህና መጡ» አሉኝ።